የቀረው ግማሽ ጢም

ነርሷ የሽንት ቱቦውን ነቅላ ስትወጣ ቁርጡን ነገረችው። «አባባ፣ አሁን በራስዎ ከሸኑ ዛሬውኑ ወደ ቤትዎ ነው። እምቢ ካለ ግን ቱቦው ይመለሳል።»

ፀጉር አስተካካዩ ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። የሽንት ከረጢት ጎኑ ላይ አንጠልጥሎ ደንበኛ ፊት መቆም ለእሱ ሞት ነው። እስካሁን ያየውስ መች አነሰው? አንድ ጢም ሳይጨርስ «መጣሁ» እያለ ወደ ጓሮ ይሮጣል፤ ሄዶም ጠብ አይልለትም። ለካ ከፊኛው ሥር ባለው ፕሮስቴት የሚባል ዕጢው ላይ ውሃ የቋጠረች እባጭ የፊኛውን አፍ ዘግታበት ኖሯል። ሐኪሟ ሆዱን ሳትቀድ፣ በሽንት መውጫው በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብታ አፈረጠችለት። የቀረው የእሱ ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ሐውልት ተገትሯል።

«ምነው፣ ተኛህ እንዴ?» አለ ወዳጁ ልብስ ሰፊው ከበሩ ውጭ።

«ሰው እየሰማኝ አይመጣልኝም። ዞር በልልኝ።»

«እኔስ ከሰኞ ጀምሮ አገር እያየኝ እየኖርኩ አይደል?»

ፀጉር አስተካካዩን ሳቅ አፈነው። ሰኞ ዕለት ሽንቱ ጨርሶ ተዘግቶበት ተደግፎ ወደ ሆስፒታሉ ሲመጣ፣ ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ የነበረው ይኸው ወዳጁ ነው፤ ቀኝ ጉንጩ ተላጭቶ፣ ግራው አረፋ እንደተቀባ። አረፋውን ጠርጎ፣ ግማሽ ጢሙን ይዞ እስከ ዛሬ ይዞራል። ሌላ ሰው ይጨርስልህ ቢሉት አሻፈረኝ አለ። «የጀመረው ሰው አለ» ነው መልሱ። አይ የሰው ግትር!

ሳቁ ሳያባራ ሽንቱ መጣ። መጀመሪያ አቃጠለው፤ ከዚያ ያለ ምጥ፣ ሳይቆራረጥ ወረደ። እንዲህ የሸናበትን ጊዜ ረስቶታል። ደስ አለው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ወጥቶ እጁን እስከ ክንዱ በሳሙና ታጠበ። ልብስ ሰፊው ፊቱን አይቶ ነገሩ ገባው። ከኮት ኪሱ በፎጣ የተጠቀለለ ምላጭ፣ ብሩሽና ሳሙና አወጣ።

«ይዘህ ነው የመጣኸው? ባይሆንልኝስ ኖሮ?»

«ነገም ይዤ እመጣ ነበራ።»

«በል ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙረው።»

ግራ ጉንጩን አረፋ ቀባው። ምላጩን ከጆሮው ሥር አስነስቶ ቀስ እያለ ወደ አገጩ ወረደ፤ ከአገጩ ወደ አንገቱ። አንዴም «መጣሁ» ሳይል ጨረሰ።