ለልጅ የሚሆን ሰንጢ

ሦስቱ ሲገቡ ባለሱቁ ለምሳ ሊዘጋ ቁልፉን በእጁ ይዞ ነበር። ሴትዮዋ ከፊት፣ አንዲት ልጅና አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከኋላ። ልጅቷ የሽማግሌውን እጅጌ ጨብጣለች።

«ለልጅ የሚሆን ሰንጢ ፈልጌ ነበር» አለች ሴትዮዋ ገና በሩን ሳታልፍ። «የመጀመሪያ። አደጋ የሌለው።»

ባለሱቁ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ቢላና መጋዝ ሲሸጥ ነው ጸጉሩ የሸበተው፤ አደጋ የሌለው ስለት የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ሁልጊዜ ሳቁ ይመጣበታል። ዛሬ ግን ዋጥ አደረገው። የሴትዮዋ ፊት ለሳቅ አይመችም። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋ ደረቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ አንዴ ሰዓቷን፣ አንዴ ከኋላዋ ያሉትን ታያለች። አንድ ቦታ አልረጋ ብላለች።

«ለልጅ ልጄ ነው» አሉ ሽማግሌው ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወንበር ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። እጇን ይዤ ነው የማስተምራት። ይሄ ሱቅ የአባትህ ነበር እንዴ?»

«አዎ አባባ፣ የአባቴ ነበር።»

ባለሱቁ ባንኮኒው ላይ ጨርቅ አነጠፈና ሰንጢዎቹን ደረደረ። ሽማግሌው ሳያመነቱ ረጅሙንና ጫፉ የሾለውን አነሱ። አውራ ጣታቸው በፕላስተር ተጠቅልሏል። የእንጨት ሠራተኛ ጣት መቼም ደህና ሆኖ አያውቅም፤ የባለሱቁም ከዚያ የተሻለ አይደለም።

«ይሄ ነው ሰንጢ ማለት!»

«አባዬ፣ እሱን አስቀምጠው» አለች ሴትዮዋ። «ለልጅ እኮ ነው የምንገዛው።»

«ታዲያ ልጅ እንጨት በምላሱ ይጠርባል?»

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። እናትየው አልሳቀችም።

ባለሱቁ አጠር ያለውን አነሳና ዘረጋው። «ይሄ ሲዘረጋ ይቆለፋል። ይቺን ካልተጫኗት ጣት ላይ አይታጠፍም።»

ሴትዮዋ ተቀበለችው። ዘረጋችው፣ አጠፈችው፣ እንደገና ዘረጋችው። «መጫኑ ቢረሳስ?»

«ተዘርግቶ ይቀመጣላ።»

«እንደተዘረጋ ኪስ ቢገባስ?»

ባለሱቁ ከጨርቁ ላይ ሌላ አጭር ሰንጢ ይፈልግ ጀመር።

ልጅቷ ደግሞ ዕረፍት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ከጨርቁ ላይ አንዱን ሰንጢ ብድግ አድርጋ ሳታየው ቀጭ አድርጋ ዘረጋችውና መልሳ አጠፈችው። ባለሱቁ ሰንጢውን ከእጇ ተቀበላት። ከዚያ ደግሞ ሽማግሌው ወደ መጋዞቹ ፈቀቅ ሲሉ ቀድማቸው ደረሰች፤ ወደ መጥረቢያዎቹ ሲዞሩ በመሃል ገባች። ስለት ባለበት ሁሉ እሷ አለች።

«ሚጣ፣ ቀስ!» አለ ባለሱቁ። ወደ እናትየው ዞሮም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ አይቀየሙኝና ትንሽ ቢቆይስ? ዓመት ሁለት ዓመት?»

«መቆየት አንችልም።» ሴትዮዋ ሰንጢውን እንደጨበጠች ነው። «ደብቀን አየነው፤ ተፈልጎ ይወጣል። ቆልፈን አየነው፤ እህል አልቀምስም ይባላል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስገባ የወጥ ቤቱ ወለል ደም ብቻ ነበር።» «ሌላ ጊዜ ጣት ተቆርጦ ብደርስስ? እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ እኮ።»

ባለሱቁ የልጅቷን እጆች ለማየት ዞር አለ። ልጅቷ ሁለቱንም ኪሷ ከተተቻቸው።

«በእኔ ወጥታ ነዋ!» አሉ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው። «እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ፤ ከእጄ የሚነጥቀኝ አልነበረም። ስማ እንጂ፣ ይሄ ሱቅ የአባትህ ነበር እንዴ?»

«አዎ አባባ» አለ ባለሱቁ። ሽማግሌ ጨዋታ ይወዳል።

በመጨረሻ ሴትዮዋ አጭሩን፣ ባለቢጫ እጀታውን መረጠች። የትም ተጥሎ ቢረሳ ቶሎ እንዲታይ ነው አለች። ከቀበቶ ጋር የሚታሰር ገመድ ይግባበት አለች። ጫፉም ይሞረድና ክብ ይሁን፣ ስለቱም ትንሽ ይደንዝዝ አለች።

«ቅቤ መቀቢያ አደረግሽው እኮ!» አሉ ሽማግሌው። «ልጅቷን እንዲህ አትናቂያት!»

ሴትዮዋ ወደ አባቷ ጠጋ አለች። ክንዳቸውንም ያዝ አደረገች።

ባለሱቁ ከአባቱ የተረከበው አንድ ደንብ አለው። የመጀመሪያ ሰንጢ ከልጁ ጋር ለብቻው ሳይነጋገር አይሸጥም፤ ወላጅ ስለ ልጁ ምንም ቢምል አይበቃውም። ልጅቷን ጠራትና ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ይዟት ገባ። ልጅቷ እየሄደች ወደ ኋላዋ ታያለች፤ እግሯ አልሄድም ያላት ይመስላል።

ሰንጢውን ጠረጴዛው ላይ ባለው የብረት ማሰሪያ አጥብቆ ጫፉን ሞረደው። ክብ እስኪሆን ሞረደው፤ ስለቱንም ትንሽ አደነዘዘው። በመዳፉ ዳሰሰው፣ ጠረገው፣ ገመዱን አስገባበት። አሁንም ግን ልቡ አልረጋም። እንዲህ የምትቅበጠበጥ ልጅ በደነዘዘ ስለትም ቢሆን ራሷን አትምርም። እናትየዋን አስቦ አዘነ፤ እንዲያውም ልጅቷ ላይ ትንሽ ተናደደባት።

ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«ሚጣ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አላት ኮስተር ብሎ። «እናትሽ በጭንቀት ልታልቅ ነው። ይሄን ሰንጢ ከሰጠሁሽ ራስሽን አትቆርጪም? ቃልሽን ካልሰጠሽኝ አልሸጥላችሁም።»

ልጅቷ በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ አየችና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ቀስ ብለው ያውሩ ጋሼ፤ እኔ ሰንጢ ካለኝ ቆይቷል፣ ይሄ የአባባ ነው።»