የከሰዓቱ ዳዊት

በዚያ ዓመት እንኳየሁ የሚያስቅ መጽሐፍ ፍለጋ ያልገባችበት ሱቅ አልነበረም። ለቅሶ ሞልቷታል። የፈለገችው የድሮውን፣ የነገሥታቱን ዘመን ፍቅር የሚያወራ፣ ግን ሰውን የሚያስቅ ታሪክ ነበር። እንዲህ ያለው ደግሞ በጎንደር እንደ ልብ አይገኝም።

ሻጮቹ የሚያወጡላት ወይ የምክር መጽሐፍ ነው፣ ወይ ፍቅረኞቹ ገና ሳይተዋወቁ መርዝ የሚጠጡበት ታሪክ። «ሰው የማይሞትበት የላችሁም?» ስትል ዐይተዋት ወደ ሌላ ገዢ ይዞራሉ። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ትወጣለች። የበኩር ልጇን ከቀበረች ወዲህ ሁሉ ነገር ይደክማት ነበር፤ መናገርም፣ መራመድም።

የረዳት አያ ከማሉዲን ብቻ ነው። አዲስ ዓለም ሰፈር አቡጀዲና ሻማ የሚሸጥ ሽማግሌ ነጋዴ ነው፤ በሱቁ ጥግ ጥቂት መጻሕፍት ይደረድራል። መጀመሪያ እሱም የለኝም ብሎ መልሷት ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን በደጁ ስታልፍ ራሱ ጠራትና በጨርቅ የተጠቀለለ ስስ መጽሐፍ አወጣላት።

«አንብበሽ መልሺው፤ ሌላ እሰጥሻለሁ» አላት።

ስትመልስለት የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አሳቀሽ?»

«አሳቀኝ፣ አያ።»

ራሱን ይነቀንቅና ወደ አቡጀዲው ይመለሳል።

ችግሩ ማንበቢያ ቦታው ነበር። ቤቱ የአማቷ የእማሆይ ወለተ ሚካኤል ነው። እማሆይ የመሪጌታ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፉ፤ ከክረምት ጀምሮ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ውለው ያድራሉ። እግራቸው ይስነፍ እንጂ ዐይናቸው አልሰነፈም። የእንኳየሁ ባል ፋንታሁን ደባርቅ በመንግሥት ሥራ ላይ ስለሆነ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ከእናቱ ቃል ደግሞ ዝንፍ አይልም። የመጀመሪያ ሚስቱንም በእናቱ አንድ ቃል ነው የሸኛት ይላል ጎረቤቱ።

እንኳየሁ ከሰዓት ከሰዓት ከእማሆይ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ዳዊት ትደግምላቸዋለች። ዳዊት ሲደገም ከንፈር ይንቀሳቀሳል እንጂ ቃሉ ለሰው አይሰማም፤ ሐሳቡን የሰጣት ይኸው ነው። ልብ ወለዱን በተገለጠው ብራና መሐል ታጋድማለች፤ ይቅር በለኝ ብላ ታማትባለች፤ ከዚያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፍቅሯን ታነባለች።

አንድ ቀን ታሪኩ የአንድ ባላምባራስ ነበር። ሰውየው ከሚወዳት ሴት ቤት ሳለ አክስቷ ስትመጣበት ጎታ ውስጥ ይደበቃል። አክስትየው ታዲያ ከአውድማ የመጣውን ገብስ በራሱ ላይ ትገለብጥበት ጀመር፤ እሱ ደግሞ ገብሱ አገጩ ሲደርስ «እመቤቴ፣ ለኔ ይበቃኛል» አላት። እንኳየሁ ከንፈሯን ነከሰች፤ ትከሻዋ ግን ተንቀጠቀጠ።

«ምነው?» አሉ እማሆይ።

«ጉንፋን ነው፣ እማሆይ።»

እማሆይ አተኩረው አዩዋትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሌላ ቀን ደግሞ፣ «የማክሰኞው ዳዊት እንዲህ ይረዝም ነበር?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ እንኳየሁ ፍርሃት ገባት። በዳዊት ላይ ልብ ወለድ፣ ያውም በሐዘን ቤት! ቢደረስባት ወደ ኮሶዬ፣ ወደ ወላጆቿ መሸኘቷ ነው። መሸኘቱን ትችለው ነበር፤ የልጇ መቃብር ግን እዚህ ነው። ከሱ ርቃ እንዴት እንደምትኖር አታውቅም። ቢሆንም መተው አልቻለችም፤ ቀኑ የሚገፋላት በዚያች ንባብ ነው።

አያ ከማሉዲን ቀጥሎ የሰጣት መጽሐፍ ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ሲጀምር ያስቃል፤ መጨረሻው ላይ ሕፃን ይሞታል። እንኳየሁ አላወቀችም ነበርና እዚያው እንደ ተቀመጠች እንባዋ ብራናው ላይ ወረደ። እማሆይ ረጅም ጊዜ አዩዋት።

በማግስቱ ጠዋት ውኃ የምትቀዳላቸውን ይመኙሽን አስጠርተው በጆሮዋ አንሾካሾኩ።

«የት ላኩሽ?» አለቻት እንኳየሁ ደጅ ላይ።

ይመኙሽ ዐይኗን ሰበረች። «ከማሉዲን ዘንድ ነው። ለሷ እንዳትነግሪ ብለውኛል።»

አለቀልኝ አለች እንኳየሁ በልቧ። ልብሷን በቦርሳ ከታ ከአልጋዋ ሥር አኖረች።

ቅዳሜ ደረሰ። እማሆይ በጠዋቱ ጠሯት።

«ወለቃ ሂጂና ሸጋ ገንቦ መርጠሽ ገዝተሽ ነይ። አትቸኩይ።»

ከከተማው ወጥታ ትንሽ እንደሄደች ነው የገባት። ሸክላ ሠሪዎቹ የወለቃ ቤተ እስራኤሎች ቅዳሜ ሰንበታቸው ነው፤ አይሸጡም፣ አይለውጡም። ይህን እማሆይ አያጡትም። ታዲያ የተላከችው ከቤት እንድትርቅ ነው። ዛሬ ደግሞ ፋንታሁን ይመጣል። እንኳየሁ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ የሚሆነው ይሁን ብላ ተመለሰች።

የአያ ከማሉዲን ጫማ ደጃፉ ላይ ወልቆ አየችው። ከሱቁ ወጥቶ እዚህ ቤት ሲመጣ አይታው አታውቅም። ከበሩ ኋላ ቆመች።

«ትናንት በመጣው ማኪና ነው የደረሰኝ» ይላል ከማሉዲን። «ግን እማሆይ፣ ነገሩ ፋንታሁን ጆሮ ቢገባስ?»

«ፋንታሁንን ለኔ ተወው፤ ዛሬ ሲመጣ የምነግረውን እኔ አውቃለሁ።»

እንኳየሁ ዐይኗን ጨፈነች።

«ይልቅስ አንተ» አሉ እማሆይ፣ «ይኼኛውን እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል? ያለፈው መጽሐፍ ልጄን አስለቀሰብኝ፤ እኔ ከፋሲካ ጀምሮ የምልክብህ የሚያስቃትን እንድታመጣ ነው።»