በአስተርጓሚ አፍ

ዳኛው ጠበቃ ሳሉ አንደበታቸው ችሎት ያስጨበጭብ ነበር። ስማቸውን ከለወጡ ወዲህ የደቡብ ገጠር ልጅ ናቸው ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ምክር ቤት ሲገቡም «ዳኛ የሚፈርደው አስተርጓሚ በአማርኛ ባስረዳው ቃል ብቻ ነው» የሚለውን ሕግ ተሟግተው አስጸደቁ። ኋላ ዳኛ ሆነው ተሾሙ።

ዛሬ ከደቡብ ገጠር የመጣች አንዲት ባልቴት ፊታቸው ቆማለች። መሬትሽን ገዝቻለሁ ያለ ነጋዴ ከሷታል።

«አልሸጥኩም!» አለች በአገሯ ቋንቋ። «የባሌ መቃብር ያለበትን መሬት እንዴት እሸጣለሁ?»

አስተርጓሚው ነጋዴውን ሰረቅ አድርጎ አየ። «ሸጫለሁ ትላለች፣ ጌታዬ።»

ዳኛው ከወንበራቸው ወደ ፊት ሳብ አሉ። «እስቲ ደግመህ ጠይቃት።»

ጠየቃት። አሮጊቷ እያለቀሰች ያንኑ ተናገረች።

«ሸጫለሁ ነው የምትለው፣ ጌታዬ።»

የነጋዴው ጠበቃ ፈገግ አለ። «ሕጉን ክቡርነትዎ ከማንም በላይ ያውቁታል።»

ዳኛው ፍርዱን ጮክ ብለው አንብበው ለነጋዴው ፈረዱ።

አሮጊቷ ፍርዱ አልገባትም። የዳኛውን ድምፅ ስትሰማ ግን ደንግጣ ቀና አለች፤ ዓይኗን አጥብባ ስታያቸው ቆይታ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ዳንጊሶ! ልጄ፣ አንተ ነህ?»

ዳኛው ወደ አስተርጓሚው ዞሩ።

«ምን አለች?»