ለፈረሱ ያለቀሰው ካውቦይ

ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ስሙ የናኘ ካውቦይ ነበር። ፊልም አፉን ሲፈታ ግን የሱ አንደበት አልጥም አላቸውና እንዳልነበረ ሆኖ ተረሳ። በስተርጅናው ዘመድ አልባ ሆኖ መጦሪያ ገባ።

አንድ እሑድ በመጦሪያው አዳራሽ ከሁሉ የታወቀለትን ፊልሙን አሳዩለት። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው የፈረሱን ሞት ነው። ካውቦዩ የፈረሱን አንገት አቅፎ፣ አንድ ነገር ደጋግሞ እያለ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። ወዲያው በድምፅ ፈንታ የሚነበበው ጽሑፍ ይመጣል፦ «ደህና ሁን፣ ወዳጄ!»

«ለፈረስ እንዲህ ከተለቀሰ ለሰውማ እንዴት ሊሆን ነው!» አለች ነርሷ እንባዋን እየጠረገች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። ያ ትዕይንት በተቀረጸ ዕለት ልሂድ ብሎ ቢለምን ዳይሬክተሩ፣ «ፈረሱ ሳይሞት የትም አትሄድም» ብሎት ነበር። «የፈለግከውን እያልክ አልቅስ፤ ማን ይሰማሃል?»

ያላጨበጨበች አንዲት አሮጊት ብቻ ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም፤ ሰው የሚለውን የምታውቀው ከንፈሩን አይታ ነው። ሰዉ ሲበተን ቀስ ብላ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘች።

«ጌታዬ» አለችው፣ በሻካራ ድምጿ። «ያቺ ቀብሯ ላይ ያልተገኙላት ልጅዎ፣ ስሟ ማን ነበር?»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።

«ደስ የሚል ስም ነው» አለችው።