የፉርሽካ ሚዛን

ወይዘሮ ፀዳለ ዱቄታቸውን ነፍተው መጨረሳቸውን ለሰፈሩ ሕዝብ በይፋ አስታወቁ። ከዚያም ፉርሽካውን በጆንያ ይዘው እንደ ጎረቤቶቻቸው በፉርሽካ ሰብሳቢው በአቶ ንጋቱ ደጅ ተሰለፉ።

ፊት እንዳይጨማደድ የሚያደርገው ጠብታ ከፉርሽካ መጨመቅ ከጀመረ ወዲህ፣ አሰላ ውስጥ አንዲት እፍኝ እንኳ ለእንስሳ መስጠት ክልክል ነው። የሰጠ ሰው ጠብታው ይቋረጥበታል፤ በወሩ ዕድሜው ፊቱ ላይ ይመለሳል። ሰባ ዓመት የሞላቸው ፀዳለ ሠላሳ ይመስላሉ። የበዓሉ በግ ግን የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ሰዉም ወጥ ላይ ስብ ካየ ቆይቷል።

«ቀለል አለብኝ፣ እትዬ» አሉ አቶ ንጋቱ ጆንያውን አንስተው።

«ወንፊቴ አርጅቶ ነው። እሱ እንደኛ ጠብታ አይወስድ።»

«በግ ነበረዎት መሰለኝ?»

«ሸጥኩት እኮ» አሉ ፀዳለ። ለልጃቸው ሠርግ የሚያደልቡት በግ ጓዳቸው ውስጥ ተኝቷል።

«እኛም ሸጠናል» አሉ ከኋላ የተሰለፉት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«ጥሩ አድርጋችኋል» አሉና አቶ ንጋቱ ፉርሽካውን ሚዛኑ ላይ ሿ አድርገው ገለበጡት።

ከፀዳለ ጓዳ አንድ በግ «ባዕ» አለ። ከጎረቤት ሁለት መለሱለት። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ባዕ ባዕ ሆነ። ተሰላፊው ሁሉ ሰማይ ሰማዩን ያይ ጀመር።

በመጨረሻ ከአቶ ንጋቱ ግቢ አንድ ወፍራም ሙክት ገመዱን እየጎተተ ወጣና አፉን ሚዛኑ ውስጥ ከተተ።

«ቦራ» አሉት አቶ ንጋቱ በቀስታ፣ «ቤት ግባ።»