የቀኙ ክንፍ ውሃ

አርቪድ የናሙና ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ያደርጋል። ከላይ ሰማያዊው ነዳጅ፣ ከሥሩ ጥርት ያለ ውሃ፤ መሃላቸው በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ዛሬም ውሃው የወጣው ከአውሮፕላኗ ቀኝ ክንፍ ነው። ከግራው ጠብታ አልወጣም።

አየር ላይ ሞተር የሚያጠፋ ውሃ ነው። በእጁ የሠራት አውሮፕላን በቆሎው ገና አረንጓዴ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ከማቆሚያዋ ሃንጋር አልወጣችም።

ያደረገውን አንድ በአንድ ይከልሳል። የሁለቱንም ነዳጅ ክዳኖች የጎማ ቀለበት በአዲስ ቀይሯል፤ ውሃው መጣ። የቀኙን ክዳን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዛወረ። ጥፋቱ የክዳኑ ቢሆን ኖሮ ውሃው ተከትሎት ወደ ግራ በሄደ ነበር። አልሄደም። ዝናብ ከጣለ ሰንብቷል። የሃንጋሩን ጣሪያ መሰላል ወጥቶ በመዳፉ ዳስሶታል፤ ደረቅ ነው። ነዳጁን እንዳይጠረጥር ሁለቱም ክንፎች የተሞሉት ከአንድ በርሜል ነው።

ጠዋት የጎረቤት ሃንጋሩ ባለቤት ጎርዲ በሩን ተደግፎ ብርጭቆውን አይቶ ነበር። «ሚስትህ ማርሊስ እንዳትበር ስትጸልይ ከርማ ጸሎቷ መንጠባጠብ ጀመረ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ ድሮ የገባ ውሃ ክንፉ ውስጥ ባለው የነዳጅ ሰልባትዮ አንድ ጥግ ተደብቆ ይሆናል፣ ክንፉን ቆርጠህ ከማየት በቀር መላ የለህም ብሎት ሄደ።

አርቪድ ሌላ መላ አላገኘም። በማርከር ክንፉ ላይ የሚቆርጥበትን ክብ ይሠራል። ዛሬ ነዳጁን ወደ በርሜል ያጋባል፣ ነገ ይቆርጣል። ይህን ክንፍ ለመዝጋት አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቶባቸዋል፤ እሱ ከውጭ የክንፉን ቆርቆሮ የሚያያይዘውን ሪቬት ሲመታ ማርሊስ ከጀርባ ብረቱን ደግፋ እየያዘች። አውሮፕላኗ ካለቀች በኋላ ግን አልሳፈርም አለች። ከፋብሪካ የወጣ ቢሆን እሳፈር ነበር፣ የዚህን ግማሽ ሪቬት ግን የያዝኩት እኔ ነኝ ትላለች፤ ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እሷ አትስቅም።

አሁን የእንቁላል ሳንድዊቹን በወረቀት ጠቅልላ ትገባለች። ክቡን ታያለች። ምንድን ነው ትለዋለች፤ ይነግራታል። ሳንድዊቹን ወንበሩ ላይ ቀስ አድርጋ ታስቀምጣለች።

«አትቁረጠው» ትላለች። «ውሃው ከእኔ ነው።»

አርቪድ ያያታል። ቃላቱን ሰምቷል፤ አንዱን ከሌላው ጋር ማያያዝ አልቻለም።

አይኗን ከክንፉ ሳታነሳ ትነግረዋለች። ሐሙስ ሐሙስ እሱ ለመዘምራን ልምምድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቁልፉን ይዛ ትመጣለች። በቀኙ ክንፍ ላይ ረግጣ ወጥታ በቀኙ ወንበር ትቀመጣለች። ሌላ ምንም አታደርግም። መጀመሪያ የመቀመጫውን የመስታወት ጣሪያ በላይዋ መዝጋት ከፍርሃት የተነሳ አቅቷት ነበር፣ አሁን ትዘጋዋለች። ስትወርድ የጫማዋ ዱካ ክንፉ ላይ ባረፈው የአጨዳ አቧራ ላይ ይቀራል፤ እንዳያየው ክንፉን ሙሉ በሳሙናና በባልዲ ውሃ ታጥበዋለች።

የቀኙ ክንፍ ከግራው ንጹህ መሆኑን አርቪድ አስተውሎ ነበር። እሱ ራሱ ሲነካካው የጸዳ መስሎታል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ በማግስቱ ይዘኸኝ ለመብረር ትነሳ ነበር።»

መደሰት አለበት፣ ወይስ ማዘን? የሚላት ይህን ብቻ ነው፦ «ግን ክዳኑ እኮ አዲስ ቀለበት አለው።»

«አርቪድ፣ እኔ የማወራው ስለ ክዳን አይደለም።»

«አውቃለሁ» ይላል፤ ቀጥሎም፦ «ባልዲው የት ነው?»

ከመኪናዋ ታመጣዋለች። አርቪድ ከክንፉ ሥር ባለችው የሰልባትዮው አየር መተንፈሻ ላይ የጎማ ቱቦ ይሰካና በጀርባው ተኝቶ በቀስታ ይነፋል። እሷ ከላይ ተንበርክካ አየር የሚያመልጥበት ቀዳዳ ካለ አረፋ እንዲሠራ ክዳኑ ላይ የሳሙና ውሃ ታፈሳለች። ዙሪያው ደህና ነው ትለዋለች፤ አዲሱ ቀለበት ምንም አያሳልፍም። በድጋሚ ይነፋል።

«ቆይ። መሃሉ ላይ አረፋ አለ። የክዳኑ መክፈቻ እጀታ ሥር።»

«ትልቅ ነው?»

«የሰናፍጭ ፍሬ ያህላል። ንፋ እስቲ… አዎ፣ ሌላም መጣ።»

አርቪድ ቱቦውን ከአፉ አውጥቶ እንደተኛ ይቆያል። የእጀታዋ ዘንግ ላይ ሌላ ቀለበት አለ፣ ትንሽ። ይህችን ከአንዱም ክዳን ነቅሎ አላያትም። ሁለቱም ክዳኖች ውሃ ያስገባሉ፤ የሚታጠበው ግን አንድ ክንፍ ብቻ ነበር።

ተነስቶ እጀታዋን በካቻቢቴ ይፈታታል። ቀለበቷ እንደ ደረቅ ፓስታ ለሁለት ተሰብራ መዳፉ ላይ ትወድቃለች። ማርሊስ ጎንበስ ብላ ታያታለች።

«አዲሱ መቼ ይደርሳል?»

«ማክሰኞ።»

ከክንፉ ላይ ትወርዳለች። እጇን በቀሚሷ ታደርቃለች፣ ባልዲውን ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

«ሐሙስ ልምምድ አለህ?»

አርቪድ የትኛውን መልስ እንደምትፈልግ ከፊቷ ለማንበብ ይሞክራል። ፊቷ አይነግረውም።

«አለኝ» ይላል። «እንዲያውም አመሻለሁ።»

ራሷን በእሺታ ትነቀንቅና ሳንድዊቹን ለመፍታት ዞር ትላለች። እሱ ጨርቅ አልኮል ውስጥ ነክሮ የሠራውን ክብ ማጥፋት ይጀምራል። የእርጥብ ጫማዋ ዱካ ክቡን አቋርጦ ታትሟል፤ ጨርቁን በዙሪያው ቀስ እያለ ያዞረዋል፣ ዱካውን ሳይነካ።