እትብት የሚቀበርበት አፈር

የቀርጤስ ደሴት ያገግም ተብሎ ሰው እንዳይረግጠው ከተከለከለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ነዋሪው ሁሉ ጀልባ ላይ ይኖራል፤ በአንድ ወሽመጥም ከሦስት ሌሊት በላይ ማደር አይፈቀድም። የቤተሰቧን ባለሸራ ጀልባ የምትነዳው ትርሲት በደሴቱ ዙሪያ የማታውቀው መጠለያ የለም።

የወንድሟን ሚስት ጽጌን ምጥ የያዛት ሦስተኛው ሌሊት በነጋ ጠዋት ነው። የሰሜኑ ነፋስም ተነሥቶ ነበር።

"እዚሁ ብንቆይስ?" አለ ወንድሟ ኤርምያስ ፊቱ አመድ መስሎ።

"ይሄ ወሽመጥ ለሰሜን ነፋስ የተጋለጠ ነው። ደግሞም ያባርሩናል። አንተ ሚስትህን ያዝ፣ መንገዱን ለእኔ ተወው።"

ሸራውን በግማሽ አጥፋ የምሥራቁን ጫፍ ዞረች። ረጅሙ ገደል ሥር ገብታ፣ ውሃው ፈዛዛ አረንጓዴ የሆነበትን አሸዋማ ቦታ መርጣ መልህቋን ጣለች። መልህቁ አሸዋውን ነክሶ ያዘ። ማዕበሉ ከውጭ ሲጮህ ጀልባው ረጋ አለ። ከቀትር በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች።

ጽጌ ልጇን ታቅፋ በመስኮት ዳርቻውን አየች። ሃምሳ እርምጃ አይሆንም።

"እትዬ ትርሲት፣ እትብቷን የት ልንቀብረው ነው?"

ትርሲት በሶብላ የተተከለበትን ማሰሮ ከወጥ ቤት አመጣች፤ ጀልባው ላይ ያለው አፈር እሱ ብቻ ነው። ተክሉን ከነሥሩ ነቅላ እትብቱን ከታች ቀበረችና መልሳ ተከለችው።

"አገርሽ የት ነው ሲሏት ምን ትበል?" አለች ጽጌ እንባዋ እየወረደ።

"ይዤው ነው የምዞረው ትበላቸው" አለች ትርሲት፣ ማሰሮውን ከምሰሶው ጋር በገመድ እያጠበቀች።